መቼ? የት? ያለሱ ይቻላል ወይ? ትኩረትንና ቋንቋን በአንጎል ውስጥ ለማጥናት የትኛውን ዘዴ እንምረጥ?

የጥናት ሐሳብ ይዘው ሊያማክሩኝ ከሚመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ ወሬውን የሚጀምሩት በመሣሪያ ስም ነው። «ኢኢጂ ይሻለኛል ወይስ ኤፍኤምአርአይ?» ይላሉ፤ የመጀመሪያው ከራስ ቅል ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ፣ ሁለተኛው በማግኔት የአንጎልን የደም ለውጥ የሚለካ መሣሪያ ነው። «ማወቅ የፈለግሽው ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ይሆናል። ዝምታው የስንፍና ምልክት አይደለም። ስለ አንጎል የሚጻፈው ሁሉ በቀለም የደመቁ ሥዕሎችን አስቀድሞ ስለሚያሳየን፣ ጥያቄው ገና ሳይወለድ መሣሪያው ልባችንን ይወስደዋል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያንን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው።

ትኩረትንና ቋንቋን በሚመለከት የሚነሱ ጥያቄዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «መቼ?» የሚል ነው፦ አንድ ቃል ጆሯችን ከደረሰ በኋላ ትርጉሙ በስንት ሚሊ ሰከንድ ይገለጥልናል? ሁለተኛው «የት?» የሚል ነው፦ ይህን ሥራ የሚሠራው የትኛው የአንጎል ክፍል ነው? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ «ያለሱ ይቻላል ወይ?» የሚለው ነው። አንድ የአንጎል ክፍል በንባብ ጊዜ መንቃቱ ንባብ ያለ እርሱ እንደማይቻል አያረጋግጥም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚመች መሣሪያ አለ፤ ሦስቱን በእኩል ብቃት የሚመልስ ግን በጤነኛ ሰው ላይ የሚሠራ አንድም የለም።

በዚህ ላይ የራሳችን መስክ ልዩ ችግር ይጨመራል። አስቸጋሪ ዓረፍተ ነገር ስናነብ የቋንቋ ሥራው ይበዛል፣ ትኩረታችንም አብሮ ይጠነክራል። መሣሪያው አንድ ለውጥ ሲያሳየን ለውጡ የቋንቋው ይሁን የትኩረቱ በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ዘዴዎች የማነጻጽራቸው በሁለት ሚዛን ነው፦ ለየትኛው ጥያቄ ይሆናሉ፣ ሁለቱን ነገሮችስ ምን ያህል ይለያዩልናል።

በአዝራርና በሰዓት

ጆን ሪድሊ ስትሩፕ በ1935 ያሳተመው ሙከራ ዛሬም በየቤተ ሙከራው ይሠራል። «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ይቀርባል፤ ተሳታፊው ቃሉን ትቶ የተጻፈበትን ቀለም መናገር አለበት። ማንበብ የለመደ ሰው ቃሉን ሳያነብ ማለፍ አይችልምና ምላሹ ይዘገያል። በዚያች መዘግየት ውስጥ ቋንቋም ትኩረትም አሉበት። ማይክል ፖስነር በ1980 ያቀረበው ዘዴ ደግሞ ትኩረትን ለብቻው ያወጣዋል። ዒላማው ከመታየቱ በፊት አንድ ምልክት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይጠቁማል፤ ዒላማው በተጠቆመው ቦታ ሲመጣ ምላሹ ይፈጥናል፣ በሌላው ወገን ሲመጣ ይዘገያል። ዓይን ከመሃል ንቅንቅ ሳይል ትኩረት ብቻውን እንደሚጓዝ የታየው በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ነው።

ኮሊን ቼሪ በ1953 ከዚህም በቀለለ መሣሪያ ትልቅ ነገር አሳየ። በሁለቱ ጆሮዎች ሁለት የተለያዩ ንግግሮች እየገቡ ተሳታፊው የአንዱን ብቻ እየተከተለ ጮክ ብሎ ይደግማል። በተተወው ጆሮ የሚናገረው ድምፅ ከወንድ ወደ ሴት ሲለወጥ ሰዎች ያውቁታል፤ ንግግሩ ወደ ጀርመንኛ ሲቀየር ግን አላወቁም። ከስድስት ዓመት በኋላ ኔቪል ሞሬይ በተተወው ጆሮ የተሳታፊውን ስም አስገባ፤ ሲሶ ያህሉ ሰዎች ስማቸውን ሰሙ። በእነዚህ ሁለት ውጤቶች መካከል ያለው ክፍተት፣ ማለትም ያልተከታተልነው ንግግር እስከ ምን ድረስ ይተነተናል የሚለው ጥያቄ፣ እስከ ዛሬ ውድ መሣሪያዎችን ያሠራል። ጥያቄው ግን የተወለደው በቴፕ መቅረጫና በጆሮ ማዳመጫ ነው።

ለቋንቋ በብዛት የሚሠራበት የባህሪ ዘዴ በራስ ፍጥነት ማንበብ ነው። ተሳታፊው አዝራር በተጫነ ቁጥር አንድ ቃል ይታየዋል፤ በየቃሉ ላይ የቆየበት ጊዜ ይመዘገባል። እንደ ሳይኮፓይ ባለ ነጻ ሶፍትዌር በአንድ ተራ ኮምፒውተር ይሠራል። ማወቅ ያለባችሁ እንከኑ ይህ ነው፦ ጣት ከአእምሮ ስለሚቀድም የአንዱ ቃል ችግር በሚቀጥለው ወይም ከዚያም ወዲያ ባለው ቃል ላይ ይታያል። ስለዚህ ከምትለኩት ቃል በኋላ በሁለቱም ሁኔታዎች አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለትና ሦስት ቃላት ማስከተል ግድ ነው።

ብዙዎች እነዚህን ዘዴዎች «አንጎልን አያሳዩም» ብለው ይዘሏቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በአዝራር ያልታየ ልዩነት በማግኔት ይገኛል ብሎ መጀመር አደገኛ ነው፤ ባይታይም ለምን እንዳልታየ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አዝራር የሚለካው ግን የረጅም ሰንሰለት መጨረሻን ነው። ማየት፣ መረዳት፣ መወሰንና መጫን ሁሉም በአንዲት ቁጥር ውስጥ ተጠቅልለዋል። መዘግየቱ ከየትኛው ቀለበት እንደ መጣ ቁጥሯ አትናገርም።

ዓይንን መከታተል

ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ውሃ አይፈስም፤ እየዘለለ ያርፋል። እያንዳንዱ እርፍታ በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ጥሩ የዓይን መከታተያ በሰከንድ 1000 ጊዜ የዓይንን ቦታ ስለሚመዘግብ፣ አንባቢው ቃሉ ላይ መጀመሪያ ስንት ጊዜ እንደ ቆየ፣ ዘሎት እንደ ሆነ፣ ተመልሶም እንዳየው ለየብቻ ይነግረናል። በራስ ፍጥነት ማንበብ አንዲት ቁጥር በሚሰጥበት ቦታ ይህ ዘዴ ሙሉ ታሪኩን ይሰጣል፤ ተሳታፊውም እንደ ወትሮው ከማንበብ በቀር ሌላ የሚሠራው ነገር የለም።

ትኩረትና ቋንቋ እንዴት እንደሚጣመሩ ከሚያሳዩ ሙከራዎች ሁሉ እኔ የምወደው የሚገኘው እዚህ ነው። ጆርጅ ማኮንኪና ኪት ሬይነር በ1975 የጀመሩት ዘዴ ዓይን ባረፈበት ዙሪያ ጥቂት ፊደላት ብቻ እንዲታዩ አድርጎ የቀረውን በሌላ ፊደል ይሸፍናል፤ መስኮቱ ከዓይን ጋር ይንቀሳቀሳል። መስኮቱ ምን ያህል ሲሰፋ ንባቡ ወደ ወትሮው ፍጥነት እንደሚመለስ ይለካል። እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሰዎች ከዓይናቸው ማረፊያ በስተግራ ከ3 እስከ 4፣ በስተቀኝ ግን ከ14 እስከ 15 ፊደላት ይጠቀማሉ። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን ዕብራይስጥ በሚያነቡት ዘንድ ይህ አድልዎ ወደ ግራ ይዞራል። ዓይኑ ያው ዓይን ነው፤ ወደ ንባቡ አቅጣጫ ቀድሞ የሚሄደው ትኩረት ነው። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ወደ ግዕዝ ፊደል ማዛወር ግን አይገባም። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ስለሚይዝ በአንድ ፊደል ስፋት ውስጥ ያለው መረጃ የተለየ ነው።

ማንበብ ለማይችሉ ሰዎችና ለሕፃናት ሌላ መልክ አለው። ማይክል ታኔንሃውስና ባልደረቦቹ በ1995 ባስተዋወቁት አሠራር ተሳታፊው በፊቱ ያሉ ነገሮችን እያየ ንግግር ይሰማል፤ የተጠራውን ነገር ለመፈለግ ዓይኑ መቼ እንደ ሄደ ይመዘገባል። ውጤቱን ስትተረጉሙ አንድ ነገር አስታውሱ፦ ዓይን አንድን ዝላይ አቅዶ እስኪፈጽም 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ቃሉ ከተጀመረ በ250ኛው ሚሊ ሰከንድ የታየ ዝላይ የተወሰነው ቃሉ ገና ሲጀመር ነው።

ዓይን የትኩረት ጥሩ ጠቋሚ ነው እንጂ ራሱ ትኩረት አይደለም። ከላይ ያነሣሁት የፖስነር ሙከራ የቆመው ሁለቱ ስለሚለያዩ ነው። በኮምፒውተር ካሜራ ዓይንን ከርቀት መከታተልን በሚመለከት፣ ተሳታፊው ከሁለት ሥዕሎች የትኛውን እንዳየ ለማወቅ ይበቃል፤ ቃል በቃል ንባብ ለመለካት ግን አልመክርም።

ኢኢጂ፦ የ«መቼ» መልስ

የጀርመኑ ሐኪም ሐንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው በ1924 ነው፤ ያሳተመው ደግሞ በ1929። ከራስ ቅል ላይ የሚለካው ኃይል በማይክሮ ቮልት የሚቆጠር ሲሆን ከአንጎል የሚደርሰን ሳይዘገይ ነው። የ«መቼ» ጥያቄ ካላችሁ ከዚህ የተሻለ በቀላሉ የሚገኝ መሣሪያ የለም።

የአንድ ቃል ምላሽ ለብቻው በሌላው የአንጎል ጫጫታ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ተመሳሳይ ዓይነት ቃላት በብዛት ቀርበው የምላሾቹ አማካይ ሲወሰድ፣ ከቃሉ ጋር የተያያዘው ብቻ ተርፎ ይወጣል። በልማድ ለእያንዳንዱ ሁኔታ ቢያንስ 30 ወይም 40 ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። አራት ሁኔታዎች ካሏችሁ 160 ዓረፍተ ነገር መጻፍ ማለት ነው፤ አብዛኛው ድካም የሚያልቀውም ከመሣሪያው ጋር ሳይሆን እዚህ ጽሕፈቱ ላይ ነው።

ትኩረት ድምፅን የሚያጣራው ቀድሞ ነው ወይስ ዘግይቶ የሚለው የቼሪ ዘመን ክርክር በ1973 አንድ ጠንካራ መልስ ያገኘው በኢኢጂ ነው። ስቲቨን ሂልያርድና ባልደረቦቹ አንድ ዓይነት ድምፅ ሲከታተሉትና ሲተዉት የሚያስነሣውን ምላሽ አነጻጸሩ፤ ልዩነቱ ድምፁ ከተሰማ 100 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ታየ። በቋንቋ በኩል ማርታ ኩታስና ሂልያርድ በ1980 ከዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ጋር የማይሄድ ቃል በ400 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ አሉታዊ ሞገድ እንደሚያስነሣ አሳዩ፤ ይህም ኤን 400 ይባላል። በ1992 ደግሞ ሊ ኦስተርሃውትና ፊሊፕ ሆልኮም በሰዋስው ላይ ችግር ሲገጥም በ600 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ የሚመጣውን አዎንታዊ ሞገድ፣ ፒ 600ን፣ ዘገቡ።

እነዚህን ሞገዶች «የትርጉም» እና «የሰዋስው» ብሎ ከፍሎ መተው መቸኮል ነው። ትኩረት ከቃላቱ ሲነሣ ኤን 400 ይቀንሳል። ፒ 600 ደግሞ ተሳታፊው በተሰጠው ሥራ ይለዋወጣል፤ «ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው ወይስ ስህተት?» ብላችሁ ስትጠይቁት ይጎላል፣ ዝም ብሎ እንዲያነብ ስታደርጉት ይቀንሳል። ስለዚህ የምትሰጡት ሥራ ራሱ የመሣሪያው አካል ነው። ሰው የማያዳምጠውን ድምፅ አንጎሉ ምን ያህል እንደሚከታተል ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሪስቶ ናታነንና ባልደረቦቹ በ1978 የገለጹት ምላሽ አለ። ዛሬ በልማድ ተሳታፊው ድምፅ የሌለው ፊልም እያየ ተደጋጋሚ ድምፅ ይሰማል፤ አልፎ አልፎ የተለየ ድምፅ ሲገባ አንጎል ሳይጠየቅ ልዩነቱን ይመዘግባል። የቋንቋ ድምፆችን መለየት በትናንሽ ሕፃናት ላይ ጭምር የሚጠናው በዚህ ነው።

የራሴን የመጀመሪያ ሙከራ ስህተት እዚህ ልንገራችሁ፤ በአማርኛ የሚሠራ ሁሉ ይገጥመዋልና። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሙከራዎችን አይቼ «ልጅቷ ደብዳቤውን ጻፈ» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር በብዛት አዘጋጀሁ፤ ትክክለኛ አቻው «ልጅቷ ደብዳቤውን ጻፈች» ነበር። ግሣችን መጨረሻ ላይ ይመጣል። በዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል ላይ ደግሞ አንባቢ ያነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ መልስም ያዘጋጃል፤ ይህ ሁሉ በግሡ ላይ ተደርቦ ሞገዱን አደበዘዘው። ግሡን ወደ መሃል ላምጣ ብዬ «ልጅቷ ደብዳቤውን ከጻፈ በኋላ ተኛች» አልሁ። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ አማርኛ ባለቤትን ስለሚደብቅ «እርሱ ከጻፈ በኋላ እርሷ ተኛች» ተብሎ ያለ ስህተት ይነበባል። ለስህተት ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ትክክል ነበር ማለት ነው! በመጨረሻ የረዳኝ «ና» ነው፦ «ልጅቷ ደብዳቤውን ጻፈችና ፖስታ ውስጥ ከተተችው» በአንድ በኩል፣ «ልጅቷ ደብዳቤውን ጻፈና…» በሌላ በኩል። ግሡ መሃል ሆነ፣ ስህተቱም ጎላ። ወራት የፈጀብኝ ነገር የአንድ ፊደል መፍትሔ ነበረው።

የኢኢጂ የሥራ ቀን ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅም ለምርጫ ይረዳል። የኤሌክትሪክ ዳሳሾች (ኤሌክትሮዶች) የተደረደሩበት ኮፍያ ይጠለቃል፤ በየኤሌክትሮዱ ቀዳዳ ፀጉሩ ወደ ጎን እየተገፋ ጄል ይጨመራል፤ በስክሪኑ ላይ የየኤሌክትሮዱ ቀለም ከቀይ ወደ አረንጓዴ እስኪለወጥ ይጠበቃል። ለ64 ኤሌክትሮድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዚያ ተሳታፊውን «ዓይንህን ጨፍንና ክፈት፤ ጥርስህን ንከስ» እለዋለሁ፤ መስመሮቹ እንደ ማዕበል ሲነሡ በገዛ ዓይኑ ያያል። ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ለምን አትንቀሳቀስ እንደሚባል ይገባዋል፤ ከቃል ማስጠንቀቂያ ሁሉ የበለጠ ይሠራል። ሌላም አለ፦ ብዙዎቹ ኮፍያዎች የተሠሩት ለስላሳና ስስ ፀጉር ታስቦ ነው። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ወይም የተጎነጎነ ሰው «መረጃው አልጠራም» ተብሎ ከጥናት ሲወጣ ማየት ያሳዝነኛል። ጉንጉኑ ከኤሌክትሮዶቹ መደዳ ጋር እንዲሄድ አስቀድሞ መነጋገርና ተጨማሪ ጊዜ መያዝ አብዛኛውን ችግር ይፈታል።

የኢኢጂ ድክመት «የት?» ላይ ነው። የራስ ቅል የኤሌክትሪኩን ንድፍ ያደበዝዘዋል፤ ላይ የሚታየውን አንድ ንድፍ ደግሞ በውስጥ ያሉ ቁጥር የሌላቸው አደራደሮች ሊፈጥሩት ይችላሉ። ከግራ ጆሮ በላይ የታየ ሞገድ ከዚያው ሥር መጣ ማለት አይደለም። የተሳታፊ ማነስም ሌላው ወጥመድ ነው። አንባቢ የሚመጣውን ቃል እስከ ድምፁ ቅርጽ ድረስ አስቀድሞ ይገምታል የሚል በ2005 የታተመ ዝነኛ ውጤት ነበር። በ2018 ዘጠኝ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው በ334 ሰዎች ላይ ሲደግሙት፣ ከስሙ በፊት በሚመጣው የእንግሊዝኛ መስተአምር («a» ወይም «an») ላይ ተገኝቶ የነበረው ዋናው ማስረጃ አልተደገመም፤ በስሙ ላይ ያለው ኤን 400 ግን በደንብ ታየ። ትልልቅ ውጤቶች በትንሽ ቁጥር ይታያሉ፤ ረቂቆቹ አይታዩም።

ኤምኢጂ

ኤምኢጂ የሚለካው ያው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ ነው። ዴቪድ ኮኸን ለመጀመሪያ ጊዜ የለካው በ1968 ነው። መስኩ ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያነሰ ስለሆነ በልዩ ግድግዳ የታጠረ ክፍልና በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ዳሳሽ ይፈልጋል። የራስ ቅል መግነጢሳዊ መስክን ብዙም ስለማያደበዝዘው፣ የኢኢጂን ፍጥነት ሳያጣ «የት?» የሚለውን ከእርሱ በተሻለ ይመልሳል። በራስ ላይ የሚጠለቁና ያለ ሂሊየም የሚሠሩ አዳዲስ ዳሳሾች በ2018 ከታዩ ወዲህ ተሳታፊው ራሱን ማንቀሳቀስ እየቻለ ነው። በአጠገባችሁ ካለ ተጠቀሙበት፤ ከሌለ ግን ለአብዛኞቹ የ«መቼ» ጥያቄዎች ኢኢጂ አያሳፍርም።

ኤፍኤምአርአይ፦ የ«የት» መልስ

ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 የደም ኦክሲጅን ለውጥ በማግኔት ምስል ላይ እንደሚታይ አሳዩ። የሠራ የአንጎል ክፍል ኦክሲጅን ያለው ደም በብዛት ይመጣለታል፤ ኤፍኤምአርአይ የሚያየው ነርቮቹን ሳይሆን ይህን ደም ነው። በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር ጥራት መላውን አንጎል፣ ከጥልቅ ክፍሎቹ ጭምር፣ ያሳያል። ደሙ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ምላሹ ጫፍ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ቆይቶ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተናጋሪ አሥርና ከዚያ በላይ ቃላት ብሎ ጨርሷል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የቃላትን ቅደም ተከተል በዚህ መሣሪያ ለመከታተል መሞከር በቀን መቁጠሪያ ሩጫ እንደ መለካት ነው።

ትኩረትን ከቋንቋ ለመለየት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ በትክክል ከተሠራበት። ኤቬሊና ፌዶሬንኮና ባልደረቦቿ ከ2010 ጀምሮ ያስፋፉት አሠራር አለ። እያንዳንዱ ተሳታፊ በመጀመሪያ እውነተኛ ዓረፍተ ነገሮችንና ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላትን ያነባል። የቋንቋው ክፍል ለዓረፍተ ነገሮቹ አብልጦ ይነቃል። ለማንኛውም ከባድ ሥራ ትኩረት የሚያዋጣው ሌላው መረብ ግን በተቃራኒው ለፈጠራዎቹ ቃላት ይበረታል፤ ትርጉም የሌለውን መያዝ ይከብዳልና። የሚያስደንቀው በብሮካ አካባቢ (በግራ አንጎል የፊት ክፍል ባለው ከንግግር ጋር በሚያያዝ ቦታ) ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እጅግ ተጠጋግተው መገኘታቸው ነው። ድንበራቸው ከሰው ሰው ስለሚለያይ የሃያ ሰው አንጎል ተደራርቦ አማካይ ሲወጣ ይቀላቀላሉ፤ «የብሮካ አካባቢ ቋንቋም ትኩረትም ይሠራል» የሚል መደምደሚያም ይመጣል። በዚህ መሣሪያ የምትሠሩ ከሆነ ክፍሎቹን በየሰዉ ለይታችሁ አግኙ፤ ይህን ምክር ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እሰጣለሁ።

ሌላው ጥንቃቄ ስሌት ነው። አንድ ምስል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲፈተሽ በአጋጣሚ ብቻ ብዙዎቹ «የነቁ» ይመስላሉ። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ የሞተ የሳልሞን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ፎቶግራፍ አሳዩት፤ ተገቢው እርማት ባልተደረገበት ስሌት በሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ የነቁ ነጥቦች ተገኙ። እርማቱ ሲደረግ ጠፉ።

በተግባር በኩል ማሽኑ እጅግ ይጮኻል፤ ለንግግር ጥናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንግግሩን በቅኝቶች መካከል ባለው ጸጥታ ማሰማት ይቻላል፤ ዋጋው የሚሰበሰበው ምስል ማነሱ ነው። ተሳታፊ ሲናገር ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ይበላሻል። በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው በጥብቅ ሳይጣራ አይገባም። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀውም ሰው እንዲሁ መገደድ የለበትም።

ሕፃናትን ለሚያጠኑና ተሳታፊያቸው ቁጭ ብሎ እንዲያወራ ለሚፈልጉ አማራጩ ኤፍኒርስ ነው። ያንኑ የደም ለውጥ በዓይን በማይታይ ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይለካል፣ ድምፅ የለውም፣ እንቅስቃሴንም ይታገሣል። የሚደርሰው ግን ከአንጎል ውጫዊ ሽፋን፣ ከቅርፊቱ፣ ላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉርም ብርሃኑን ይውጠዋል። በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚሠራው ፔት በ1988 የቃላትን ሂደት በአንጎል ላይ ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ዛሬ ቦታውን ለኤፍኤምአርአይ ለቋል።

ያለሱ ይቻላል ወይ?

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ የሚያሳዩት አብሮ መሆንን ነው። አስፈላጊነትን የሚያሳየው ሲነካ ወይም ሲጎዳ የሚሆነው ነገር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1861 ፖል ብሮካ «ታን» ከማለት በቀር መናገር ያልቻለውን የሌቦርኝን አንጎል ሲመረምር ነው፤ ካርል ቬርኒከ በ1874 መናገር ችለው መረዳት የተሳናቸውን ሕሙማን ጨመረበት። በ2007 ኒና ድሮንከርስና ባልደረቦቿ ተጠብቆ የኖረውን የሌቦርኝን አንጎል በኤምአርአይ ሲያዩት ጉዳቱ ብሮካ ላዩን ካየው በላይ ጠልቆና ሰፍቶ ተገኘ። ስትሮክ የደም ሥርን ተከትሎ እንጂ የተመራማሪን ጥያቄ ተከትሎ አይጎዳም።

ያም ሆኖ ትኩረትንና ቋንቋን የሚለየው እጅግ ግልጽ ማስረጃ የሚገኘው ከሕሙማን ነው። በቀኝ አንጎሉ ላይ ጉዳት ደርሶበት የግራውን ዓለም ችላ የሚል ሰው ስታስነብቡት የመስመሩን ግራ ጫፍ ትቶ ከመሃል ይጀምራል። ቋንቋው ደህና ነው፤ ትኩረቱ ወደ ግራ አይሄድለትም። በግራ አንጎሉ ተጎድቶ ቃል የጠፋበት ሰው ደግሞ ገጹን ሁሉ ያያል፤ የሚጎድለው ቃሉ ነው። አንድ የንባብ ገጽ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሰበራል።

በጤነኛ ሰው ላይ ለዚህ ጥያቄ ያለን መሣሪያ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በ1985 ያስተዋወቁት ቲኤምኤስ ነው። በራስ ላይ የተያዘ ጥቅል ሽቦ በአጭር መግነጢሳዊ ምት ከሥሩ ያለውን ቅርፊት ለአፍታ ያውካል። ምቱን ቃሉ ከቀረበ በኋላ በተለያየ ሚሊ ሰከንድ ስታሳርፉ «ያለሱ ይቻላል ወይ?» እና «መቼ?» በአንድ ላይ ይመለሳሉ። ችግሩ የቋንቋ ክፍሎች ከመንጋጋና ከፊት ጡንቻ አጠገብ መሆናቸው ነው፤ ምቱ ጡንቻ ያንቀጠቅጣል፣ ጥቅሉም ጠቅ ይላል። ተሳታፊው የዘገየው ቋንቋው ታውኮ ነው ወይስ ደንግጦ? ስለዚህ እኩል የሚያስደነግጥ ሌላ የምት ቦታ ለማነጻጸሪያ የሌለው የቲኤምኤስ ጥናት ስታነቡ በቶሎ አትመኑ። መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ስለሚችል የሚጥል በሽታ ታሪክ ያለበትን መለየትና ለድንገተኛ እርዳታ መዘጋጀት ግዴታ ነው።

ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ሲባል ኤሌክትሮድ በቀጥታ አንጎላቸው ላይ የተቀመጠላቸው ሕሙማን ሲፈቅዱ የሚገኘው መረጃ ፍጥነትንም ቦታንም አጣምሮ ይይዛል። በ2012 ኒማ መስጋራኒና ኤድዋርድ ቻንግ ሁለት ሰዎች በአንድ ላይ ሲናገሩ ከመስሚያው ቅርፊት የተቀዳው ምልክት ተሳታፊው የተከታተለውን ተናጋሪ ብቻ የሚያንጸባርቅ መሆኑን በዚህ አሳዩ። ይህን ዘዴ ግን አንመርጠውም፤ ኤሌክትሮዱ የሚቀመጠው ሕክምናው ባዘዘበት ቦታ ብቻ ነው፣ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው።

አንድ ጥያቄ በብዙ እጅ

የቼሪን ጥያቄ ይዘን ምርጫውን እናድርገው። በሁለት ተናጋሪዎች መካከል ያለን አድማጭ ማጥናት ፈለጋችሁ እንበል። ከተተወው ንግግር ምን እንደ ቀረለት ብቻ ከሆነ ጥያቄው፣ ጆሮ ማዳመጫና ጥሩ የቃላት ፈተና ይበቃል። ማጣሪያው መቼ እንደሚጀምር ከሆነ ኢኢጂ ነው፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የአንድ ደቂቃ የተፈጥሮ ንግግር ቀድቶ ሰውየው ማንን እንዳዳመጠ ከሞገዱ ማውጣት ተችሏል፤ 160 ዓረፍተ ነገር መጻፍም አያስፈልግም። የተተወው ንግግር የመስሚያውን ክፍል አልፎ እስከ ቋንቋው ክፍል ይደርስ እንደ ሆነ ከሆነ፣ ክፍሎቹ በየሰዉ የተለዩበት ኤፍኤምአርአይ። ማጣሪያው ያለ አንድ የተወሰነ ክፍል ይሠራ እንደ ሆነ ከሆነ ቲኤምኤስ ወይም የሕሙማን ጥናት።

ሁለት ዘዴ ማጣመር ከፈለጋችሁ ኢኢጂን ከዓይን መከታተያ ጋር እንጂ ከኤፍኤምአርአይ ጋር አትጀምሩ። የመጀመሪያው ጥምረት አንባቢው በራሱ ፍጥነት እያነበበ የእያንዳንዱን ቃል ሞገድ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ማግኔቱ በኢኢጂው ላይ የሚያሳርፈውን ጫጫታ በማጽዳት ብቻ ዓመት ያስፈጃል።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያው ተሳታፊ ራሳችሁ ሁኑ። ሙከራውን ከመጀመሪያው መመሪያ እስከ መጨረሻው ቃል፣ ሳታቋርጡ፣ ኮፍያውን አጥልቃችሁ ወይም ማሽኑ ውስጥ ተኝታችሁ ፈጽሙት። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ዓይናችሁ ቃላቱን እያየ ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ ከሄደ ሰዓቱን መዝግቡት፤ የመጀመሪያውን ዕረፍት የምታስገቡት ከዚያ አምስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ነው።